ከድንጋይ ላይ የላስነው ማር

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ማር ጠግቤ አላውቅም። የጠገብኩትም ከሳህን አይደለም፣ ከመንገድ ነው። ዛሬ ኮብልስቶን ተነጥፎበት ባጃጅ የሚጋፋበት መንገዳችን ያኔ አፈርና ድንጋይ ነበር። ማሩ በድንጋዮቹ መሃል እየተሳበ ወርዶ ጎድጓዳውን ሁሉ ሲሞላ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች በሆዳችን ተኝተን በጣታችን፣ በሕምባሻ ቁራሽ፣ ያጣም በምላሱ ላስነው። ንቦች ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ መጡ። ውሻም መጣ። አንዱን ልጅ ንብ ከንፈሩን ነድፋው እያለቀሰ ይልስ ነበር፤ አለቀሰ እንጂ መላሱን አላቆመም። አሸዋው ጥርሴ መሃል ሲንቀጫቀጭ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ወደ ማታ እናቴ ፊቴን በሳሙና ስታሽ፣ የኣብርሀት ሠርግ እንዴት ደስ ይላል አልኳት። ሠርጉ ገና እንዳልደረሰ አላወቅኩም። እናቴ ማሸቷን ትታ አየችኝና እንደገና አሸችኝ፣ ከፊተኛው ጠንከር አድርጋ።

ጊዜው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። እዚሁ መቀሌ፣ በአደይ ለተገብርኤል ግቢ እንኖር ነበር። አደይ ማለት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ኪራይ የሚቀበል ሰው እናቴ ሲባል በልጅነቴ ግር ብሎኝ አያውቅም። ትልቁ ቤት የእሳቸውና ልትዳር የደረሰችው የልጃቸው የኣብርሀት ነበር። ከጎን ካሉት ክፍሎች አንዷ የእኛ ናት። አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ አምጥቶን፣ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ በየበረሃው ድንኳን ውስጥ ስለሚያድር ቤቱ የሁለታችን ነበር፤ የእናቴ የየትምወርቅና የእኔ የሰርካዲስ።

ከጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ መስኮት የሌላት ክፍል አለች። እዚያ የሚኖሩት መምህር ከፋለ ናቸው። እሳቸውም የሸዋ ሰው ሲሆኑ ሳይንስ ያስተምራሉ። ክፍላቸው በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጨለማ ስለሆነች የተማሪ ፈተና የሚያርሙት በርጩማቸውን በር ላይ አውጥተው፣ አፍንጫቸውን በመሃረብ ሸፍነው ነበር። መንገድ ዳር ያለችው፣ ሰፊ በር ያላት፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለያት ክፍል ደግሞ የጁዋይሪያ ናት። መምህር ያቺ ክፍል የተለቀቀች ዕለት እንዳይረሷቸው አደይ ለተገብርኤልን ደጋግመው ይለምኗቸው እንደነበር እናቴ ታውቃለች። እኔ የማውቀው መምህር ፀሐይ እንደሚወዱ ብቻ ነው።

ጁዋይሪያ የወሎ ልጅ ነች። ባሏ ሀሰን ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ድንጋይ ይጭናል፤ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እሷ በዚያች ክፍል ማር ትሸጣለች። ማሩን ወንድሟ ከወሎ ቆላ በቆርቆሮ እየሞላ በጭነት መኪና ይልክላታል። ቀይ ማር ነው። በብርጭቆ ሲቀዳ የጠነከረ ሻይ ይመስላል፤ ይፈሳል እንጂ አይረጋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ለመቀሌ ሰው ማር ማለት ነጭ ነው። ነጭ፣ እንደ ቅቤ የረጋ፣ በማንኪያ የሚቆረስ። ቀይ ማር አሳዩት ማለት ጥቁር ወተት አሳዩት ማለት ነው። ገዢ ይመጣል፣ የጁዋይሪያን ማር ይቀምሳል፣ ይጥማል ይላል፣ ከዚያ ዙሪያውን ይቃኝና ማር የለሽም ወይ ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ትስቃለች። የሚገዛት እንደኛ ከሌላ አገር የመጣ ሰውና ነጩን የማይችል ድሃ ነው። እኔ መቀሌ ስላደግኩ ነጩ እውነተኛ፣ የእሷ ደግሞ የማር ዘመድ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ከትምህርት ቤት ስመለስ ስንጥር ነክራ ትሰጠኛለች። ከወደቅኩ፣ ከተመታሁ፣ አስተማሪ ከገረፈኝ የእሷ መድኃኒት አንድ ነው፤ ስንጥሩ፣ ከዚያም «አብሽሪ ሚጢዬ»።

መምህር ከፋለን የወደድኳቸው ግን በአውሮፕላን ምክንያት ነው። እኛ የዚያን ዘመን የመቀሌ ልጆች የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ አልጋ ሥር ነበር የምንገባው። ጦርነቱ አልቋል ቢሉንም ጆሯችን አላመነም። አንድ ቀን ከቁሓ በኩል ድምፅ መጣና የግቢው ልጆች ወደየበራችን ስንሮጥ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ጠሩን። እስከ ዛሬ የሰማችሁት አውሮፕላን ምን ጣለ አሉን። ቦምብ። ሁሉም? ሁሉም። እንግዲህ ይህ ማስረጃ ነው አሉ፤ ብዙ ማስረጃ፣ ከባድ ማስረጃ፣ ነገር ግን ማረጋገጫ አይደለም። እስከ ዛሬ ያለፈው ሁሉ ቦምብ ቢጥል የዛሬው ሰው ጭኖ ሊመጣ ይችላል። ሳይንስ የሚኖረው ማስረጃ እየለቀመ ነው፤ አረጋገጥኩ ጨረስኩ የሚል ሰው ካያችሁ ሽሹት አሉን። ከዚያ እጄን ይዘው መንገድ ዳር አወጡኝ። አውሮፕላኑ ሆዱ እየታየ ዝቅ ብሎ አለፈና ቁሓ አረፈ። ምንም አልጣለም። ከዚያ ወዲያ አልጋ ሥር አልገባሁም። ዛሬ ቁሓ ስንቱ አውሮፕላን ያርፋል፤ ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ የለም።

ይህ ጠባያቸው ግቢውን ያስቅ ነበር። ዝናብ ይመጣ ይሆን ሲባሉ ማስረጃው ወደ መምጣቱ ያደላል ይላሉ። እናቴ የዕድሜ እኩያቸው ስለሆነች ትደፍራቸዋለች።

«ሚስት ያጣኸው እኮ ማረጋገጫ ስትጠብቅ ነው» ትላቸዋለች።

«ማስረጃም አላገኘሁ፣ የትምወርቅ።»

እንዲህ እየተባለ ይሳቃል። እናቴ ያኔ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነበር።

የኣብርሀት ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። ዝናቡ አጥሮ ስለነበር ነጩ ማር በዚያ ዓመት እሳት ሆነ። ትግሬዎች ጠጁን ሜስ ነው የሚሉት፤ ሜስ የሌለበት ሠርግ ደግሞ ለቅሶ ነው። አደይ ለተገብርኤል አወጡ አወረዱና ሜሱ እንደሆነ ቢጫ ነው፣ የተጠመቀበትን ማር ማን ያየዋል ብለው የጁዋይሪያን ቀይ ማር ወሰዱ። የጁዋይሪያ ደስታ ሌላ ነበር። የመቀሌ ሠርግ በእሷ ማር ከተጠመቀ ከዚያ ወዲያ ማር የለሽም የሚላት ማን አለ? ቆርቆሮዎቹን ራሷ ተሸክማ አስገባች። ወንድሟም የዓመቱን ማር ሁሉ ለሌላ ሳይሸጥ እንዲልክላት አስነገረች፤ ተልኮላትም ክፍሏን ሞላ።

ሜሱ በትልቁ ጋን ተጠመቀ፣ ጌሾውም ገባ። እኔ ሽታው ስለሚጥመኝ ጋኑ ያለበት ጓዳ በር ላይ መጫወት አበዛሁ። አንድ ጠዋት አደይ ለተገብርኤል ከበርሜሉ ውኃ በጣሳ እየቀዱ ጋኑ ውስጥ ሲጨምሩ አየኋቸው። የወንዱ ወገን ሰው አበዛ መባሉን ያን ሰሞን ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘሁም። ምን እያደረጉ ነው አልኳቸው። ጣሳውን ከነጠላቸው ሥር አድርገው ሳቁልኝ።

«ጋኑ ጠምቶት ነው፣ ጓለይ።»

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። አመንኳቸው። ይህን የሚያህል ሆድ ያለው ነገር ቢጠማው ምን ይገርማል? በሌላም ቀን ሲያጠጡት አየሁ። ለእናቴ ጋን ውኃ እንደሚጠማው ታውቂያለሽ ወይ ብላት እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት መላጥ አቆመች፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ መላጧን ቀጠለች። የሠርግ ሚስጥር ነው ብዬ ደበቅኩት።

ከዚያ የአደይ ለተገብርኤል ወንድም ኣቦይ ኣረፋይነ ሊቀምሱ መጡ። እሳቸው ያልቀመሱት ሜስ በሠርግ ላይ አይቀርብም። ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሱት፣ ተጎነጩ፣ ደጅ ወጥተው ተፉት።

«ይሄ ሜስ አይደለም» አሉ። «ኣቸቶ ነው።»

ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ኣብርሀት አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አደይ ለተገብርኤል መጀመሪያ ጋኑን ረገሙ፣ ቀጥለው ጌሾውን፣ በመጨረሻ ድንገት እንደታወሳቸው ሁሉ ማሩን። ቀድሞም ማር እንዳልሆነ ዓይናቸው ነግሯቸው ነበር፤ ማር ይረጋል፣ ማር ይነጣል፣ ይህ ስኳር ተቀቅሎ ነው አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ገበያ ደረሰ። ስኳር ከሆነ ክፍላቸውን ዛሬውኑ እንድትለቅ ተናገሩ። ጁዋይሪያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለመነች። ሳይንስ የሚያውቅ ሰው ግቢያችን ውስጥ አለ፣ መምህር ይፈትኑት፣ እሳቸው ስኳር ነው ካሉ ሳልከራከር እወጣለሁ አለች። ሁሉም ተስማማ። መምህር ከፋለ ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው በሰው ሞላ። ለሽማግሌዎች አግዳሚ ወጣላቸው፤ ሴቶች በግድግዳው ጥግ፣ ልጆች በአጥሩ ላይ። መምህር ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የትምህርት ቤት ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ከፊታቸው የውኃ ብርጭቆ፣ ክብሪትና አንድ ጣሳ ማር አለ። ሽር ጉዱ ሁሉ ለእኔ ነበር የሚመስለኝ፤ እኔ የማውቀውን፣ ያኔ እጄን የያዘኝን ሰው ዛሬ አገር ሁሉ ሊያውቀው ነው።

ክብሪቱን ማሩ ውስጥ ነክረው ጫሩት፤ በራ። ውኃ የገባበት ቢሆን እንቢ ይል ነበር አሉ። ማሩን ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አደረጉ፤ እንደ ክር ወርዶ ከሥር ተኛ፣ ውኃውም ሳይደፈርስ ቀረ። ደረቅ አፈር ላይ ጠብ አደረጉ፤ አፈሩ አልመጠጠውም፣ ተንከባሎ ዶቃ ሆነ። በእያንዳንዱ ሰዉ እንዴ እንዴ ይላል፤ የጁዋይሪያም ፊት በእያንዳንዱ ይፈካል። ከሴቶቹ አንዷ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት። አደይ ለተገብርኤል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በል መምህር፣ ስኳር የለበትም ብለህ ታረጋግጣለህ?»

መምህር ከፋለ ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱት። ቀና ብለው ማንን እንዳዩ ወይም ምን እንዳዩ አስታውሳለሁ። ሰው አላዩም። ዓይናቸው ያረፈው ሰፊው በር ላይ ነበር፤ ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ገብታበታለች።

«ያየነው ሁሉ ማስረጃ ነው» አሉ። «ማረጋገጫ ግን አይደለም። ስኳር የለበትም ብዬ ማረጋገጥ አልችልም።»

«ስኳር አለበት ብለውስ ያረጋግጣሉ?» አለች ጁዋይሪያ።

«እሱንም አልችልም።»

ላጨበጭብ ነበር። እንደ ኳስ ጨዋታ አንድ ለአንድ የወጡ መሰለኝ። አውሮፕላኑ ትዝ አለኝ፤ አሁን መምህር የሁሉንም እጅ ይዘው መንገድ ዳር ያወጧቸዋል፣ ቀይ ማር በሰዉ አናት ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ምንም አይጥልም። እሳቸው ግን ሌላ ቃል አልጨመሩም። አልተረጋገጠም የሚለው ቃል ከአግዳሚው ተነስቶ ከሰው ወደ ሰው ሄደ፣ ሲሄድም ፊት አጠቆረ። ያቺ የጁዋይሪያን ጉልበት ስትመታ የነበረችው ሴት እጇን ሰበሰበች።

ኣቦይ ኣረፋይነ ነገር የሚጨርሱ ሰው ናቸው። በአገራችን ነገር ያላለቀ እንደሆነ በመሐላ ያልቃል አሉ።

«ቁርኣንሽን አምጪና ማዪ። ስኳር የለበትም ብለሽ ከማልሽ እናምንሻለን፣ ሁሉም እዚህ ያበቃል።»

በአንዲት ቃል ልትድን ነው። ሁላችንም አየናት። ሻርፗን ታጠነጥናለች፣ ትፈታለች።

«ወንድሜ አይዋሽም» አለች በመጨረሻ። «ግን ቀፎው ሲቆረጥ እኔ አልነበርኩም። ያላየሁትን በአላህ ስም አልምልም።»

በዚህ ጊዜ እኔ አጥሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ትምህርት ቤት ያለሁ ይመስል እጄን አወጣሁ። ሚስጥሩ አሁን የሚጠቅም መሰለኝ፤ ጋኑ ሲጠማው አደይ ለተገብርኤል እንዴት እንዳጠጡት ልናገርና መምህር ጎበዝ እንዲሉኝ ነው። አፌን ከመክፈቴ ከአጥሩ ሥር የቆመችው እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። የዋዛ ቁንጥጫ አልነበረም፤ ቦታው ለሳምንት ጠቆረ። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አይገባም ማለቷ ነው ብዬ እጄን አወረድኩ። ተከራይ መሆን ምን እንደሆነ፣ አባቴ በሌለበት ከዚያ ግቢ ብንባረር የት እንደምንወድቅ ያኔ ማን ይንገረኝ።

ኣቦይ ኣረፋይነ ፍርዱን ሰጡ።

«ሁለቱም አላውቅም አሉ። እሱ የተማረ ሰው ነው፣ ያላየውን አይመሰክርም፣ ክብር ይስጠው። እሷ ግን የገዛ ዕቃዋን ካላወቀች ማን ይወቅላት?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ተነስተው የመምህርን እጅ ጨበጡ። ጁዋይሪያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ በግድግዳው ጥግ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀች መሰለኝ። እኔም ከአጥሩ ላይ ሆኜ አብሬያት ሳቅኩ።

ከዚያ ኣቦይ ኣረፋይነ ሁለት ጎረምሶች ጠርተው የወንድሟን ቆርቆሮዎች ሁሉ መንገድ ላይ አስወጡ። በእግራቸው እያዘነበሉ ሲያፈሷቸው ለእኛ ለልጆቹ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ንዑ ልጆች» አሉ። «ኑ፣ ስኳር ብሉ።»

ግብዣ ነበር የመሰለኝ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት የጁዋይሪያ ዕቃ ጋሪ ላይ ተጫነ። ዓይኗ አብጦ ስለነበር እሷንም ንብ ነድፋት ነው አልኩ። ልሰናበታት ስሄድ ፀጉሬ ላይ አንድ ነገር አየች። የትናንቱ ማር ደርቆ ተጣብቋል። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቀስ እያለች አላቀቀችልኝ።

«አብሽሪ ሚጢዬ» አለችኝ። ምንም ሳልሆን።

ወዴት ሄደች ብዬ ስጠይቅ እናቴ ሌላ ማር ልታመጣ ነው አለችኝ። የሚያረጋግጥልኝ ሰው አልፈለግኩም። ጋሪ በሰማሁ ቁጥር እወጣ ነበር። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ እንደሰማሁት ወደ ወንድሟ አልተመለሰችም። የሰው ዓመት ልፋት መንገድ ላይ አስልሶ በምን ዓይን ይመለሳል? ቁሓ ከባሏ ጋር ድንጋይ ስትሸከም አይተናታል የሚሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያያትም የለም። ሠርጉ በጠላና በቢራ አለፈ። አደይ ለተገብርኤል ለጠየቃቸው ሁሉ በስኳር የተታለሉ ምስኪን እናት ሆነው ኖሩ፤ ለቀብራቸውም ብዙ ሰው ወጣ።

ፀሐይ ያላት ክፍል ለመምህር ከፋለ ሆነች። ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው የሰፈሩን ልጅ ማስጠናት ጀመሩ። ስማቸውም ወጣ፤ ያላየውን የማይመሰክር ሰው ተባሉ። ቃላሚኖ የሚባለው ልዩ ትምህርት ቤት ልጁን ለማስገባት የሚሻ ሁሉ ወደ እሳቸው ይልካል። ክፍሏ ማር ማር ትሸት ነበር። ጉንዳን በግድግዳው ስንጥቅ ተሰልፎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ የሚፈልገውን አያገኝም። መምህር በየጊዜው ነጭ ጋዝ ያፈሱበታል። ጉንዳኑ ግን ይመለሳል።

በተከታዩ ክረምት፣ ብርዱ የጸናበት ሰሞን፣ እናቴ ከሣጥን አንድ ብልቃጥ አወጣች። ጁዋይሪያ ለጉንፋን ብላ ሰጥታት የተረሳ ነው። ማሩ ረግቷል። ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ፣ እንደ ቅቤ የሚቆረስ ሆኗል። ብልቃጡን ከነጠላዋ ሥር ይዛ እኔ ክፍልፋይ ወደምሠራበት የመምህር ክፍል ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ረግቷል» አለች።

«ስኳርም ይረጋል፣ የትምወርቅ። ይህም ማስረጃ ነው እንጂ ...»

«ሸዋ ልጅ ሆነህ የምትበላው ማር ምን ዓይነት ነበር?»

መምህር ጠመኔውን አስቀመጡ።

«ቀይ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላልክም?»

«አልተጠየቅሁም።»

እናቴ ብልቃጡን ይዛ ወጣች። እኔ አገራቸው ናፍቋቸው ስለ ልጅነታቸው የሚያወጉ መስሎኝ ክፍልፋዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስለ ሚስት ቀልዳባቸው አታውቅም፤ አንቱ ትላቸው ጀመር። አክብራቸው ነው ብዬ ኮራሁባቸው። ከመሞቷ በፊት ሁሉንም ስትነግረኝ፣ ውኃውን፣ ቁንጥጫውን፣ ክፍሏን፣ እሷም እኔም አላለቀስንም። ጊዜው አልፎበት ነበር።

መምህር ለክፍሏ ብለው ነው ያደረጉት እንዳልል ልባቸውን ከፍቼ አላየሁም። ያላየሁትን አልምልም። ማስረጃ ግን በየግድግዳው ሲሄድ አይቻለሁ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ መምህርም ከዚያች መንገድ አልራቁም። ሳያገቡ አረጁ፣ እኛም ጎረቤት ሆነን ቀረን። በርበሬ ሳስፈጭ ለእሳቸውም አስፈጭላቸዋለሁ፤ ሲታመሙ ሾርባ እልካለሁ። ባለፈው ዓመት አንገታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸውና ሰው ስለሌላቸው ዓይደር ሆስፒታል ይዣቸው የምመላለሰው እኔ ሆንኩ። ሐኪሟ ለጋ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት። ወረቀቱን አየች፣ አንገታቸውን ዳሰሰች። ምልክቶቹ ወደ ክፉው እንደሚያደሉ፣ ተቆርጦ የተላከው ናሙና ውጤቱ ሳይመጣ ግን እንዲህ ነው ብላ ማረጋገጥ እንደማትችል አስረዳቻቸው።

«ልጄ፣ አዎ ወይም አይደለም በይኝ» አሉ መምህር።

ልጅቱ አዝና አየቻቸው፤ አትችልም።

በባጃጅ ስንመለስ እጄን ያዙኝ። ያን ጊዜ በዚያው እጅ ነበር መንገድ ዳር ያወጡኝ። አሁን ከብዷል።

«ሰርኬ፣ እድናለሁ በይኝ። አንቺ በይኝ። ውሸትም ቢሆን ግድ የለኝም።»

ይህ እኮ ከባድ ነገር አይደለም። በሽተኛ ጠያቂ ሁሉ በየቀኑ የሚለው ነው፤ ይድናሉ እንጂ ይባላል፣ ሰው ቀለል ይለዋል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ባጃጁ ወደ መንገዳችን ታጠፈ፤ ኮብልስቶኑ አንገጫገጨን። ሰፊ በር የነበራት ክፍል ዛሬ ሞባይል ይጠገንባታል፣ ፀሐይዋ ግን ያው ናት።

«መምህር» አልኳቸው፣ «ደህና የሚያስመስሉ ነገሮች አሉ። ማስረጃ ናቸው። ማረጋገጥ ግን አልችልም።»

መጀመሪያ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው፣ ጎበዝ ተማሪ ሲያገኙ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ዓይናቸው ከእኔ ወደ ክፍሏ በር ሄደ፤ እዚያ ቆየ። እጄን ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጅ ብሆን ኖሮ እየሳቁ ነው እል ነበር።